በሽታ በመንገድ፣ ጥንቃቄ በእጅ፦ የይፋት ቆላ የተላላፊ በሽታዎች ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ የጣርማ በርን ዋሻ ሲሻገር መንገደኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርድ ላይ ነው። ከዚያ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርድና ጋቢውን አውልቆ ሸዋ ሮቢት ይገባል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከፍታዋም 1,300 ሜትር አይሞላም። ከእርሷ ቀጥሎ ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬና ካራ ቆሬ በዚያው መንገድ ላይ ተደርድረዋል። ማሽላና ሽንኩርት የሚበቅልበት፣ ወንዞች ከደጋው ወርደው ወደ አዋሽ የሚጎርፉበት ይህ ቆላ ይፋት ነው።

ይፋት ከጥንት ጀምሮ የመንገድ አገር ነበር። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት ሀብትና ኃይል የተመሠረተው ከዘይላ ወደብ ወደ ሸዋ ደጋ በሚወጣው የሲራራ ንግድ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅና ወታደር ተመላልሶበታል፤ በሽታም አብሮ ተጉዟል። በሽታው ሲመጣ ሰው መጀመሪያ ወደ ጸበል፣ በኋላም ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ሸሸ። ታማሚ በተሰበሰበበት ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተወለደ፦ ሊድን የመጣው ሰው ከጎኑ ከተኛው፣ ካከመው እጅ ወይም ከተወጋበት መርፌ ሌላ በሽታ ይዞ እንዳይሄድ ምን ይደረግ? ይህ ትረካ የዚያን ጥያቄ ጉዞ ይከተላል።

ከሐኪም ቤት በፊት

በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከይፋት ቆላ በላይ ባለው ደጋ ደብረ ብርሃንን ቆርቁረው ተቀመጡ። ዜና መዋዕላቸው በዚያ ሳሉ ብርቱ ቸነፈር ገብቶ ብዙ ሰው እንዳለቀ ይተርካል። ንጉሡም በቅዱስ ቂርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በሰማዕቱ ገድል ስሙ በሚጠራበት ቦታ ቸነፈር እንደማይገባ ቃል ኪዳን ተጽፏልና። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ የነበረ ማንም ሐኪም ቸነፈር እንዴት እንደሚተላለፍ አያውቅም ነበር። በአውሮፓም ሕዝቡ በጸሎት፣ በሽሽትና ከተማን በመዝጋት ነበር የሚከላከለው።

የእኛም ሰው ከልምድ የተማረው ነገር ነበረው። በሽታ ሲገባ መንደሩን ለቆ ይወጣል፤ ሰፈሩን ይቀይራል። ደገኛው በክረምት መውጫ ላይ ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈራል፤ ንዳድ፣ ዛሬ ወባ የምንለው፣ እንደሚይዘው ያውቃል። ትንኟን ባይጠረጥርም ጊዜውንና ቦታውን ለይቶ ነበር። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ወቅት፣ ዝናቡ አባርቶ ውሃው በየጉድጓዱ የሚተኛበት፣ ዛሬም በሸዋ ሮቢት ጤና ተቋማት ሰልፉ የሚረዝምበት ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1842 ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የይፋት የገበያ ከተማ አልዩ አምባ ደረሰ። ዘመኑ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበር፤ በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድንም አንኮበር ተቀምጦ ነበር። ጆንስተን በአልዩ አምባ ሳለ ንዳድ እየተመላለሰ ጣለው። የተማረ ሐኪም ቢሆንም የሚያሠቃየውን ነገር ምንጭ አላወቀም። የዘመኑ ሐኪሞች ትኩሳት ከረግረግ ከሚወጣ ክፉ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበርና። የወባን ተውሳክ አልፎንስ ላቬራን በደም ውስጥ ያየው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ በትንኝ መተላለፉን ሮናልድ ሮስ ያረጋገጠው ደግሞ በ1897 ነው።

ጆንስተን ይፋትን ከጎበኘ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1847፣ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የሚሠራ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። ሐኪሞችና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት ክፍል ከ100 እናቶች 10 ያህሉ በወሊድ ትኩሳት ይሞታሉ፤ አዋላጆች በሚሠሩበት ክፍል የሚሞቱት ግን እጅግ ያነሱ ናቸው። ልዩነቱን ሲያጠና ተማሪዎቹ አስከሬን መርምረው እጃቸውን በደንብ ሳያጸዱ ወደ ወላዶች እንደሚመጡ አገኘ። በክሎሪን በተዘጋጀ ውሃ እጃቸውን እንዲታጠቡ አዘዘ። ሞቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 እናቶች ወደ 2 ገደማ ወረደ። ሆኖም የሙያ ባልደረቦቹ ገዳዩ የእነርሱ እጅ መሆኑን መቀበል ከበዳቸውና ዜመልቫይስ ሳይከበር ሞተ። ያ ክሎሪን ዛሬ በየጤና ጣቢያችን በረኪና ተብሎ ይቀመጣል። የዚህ ታሪክ ዋና ትምህርት ከዚያ ቀን ጀምሮ ታውቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የታወቀውን ነገር የመተግበርና ያለመተግበር ታሪክ ነው።

ክፉ ቀንና የኅዳር በሽታ

በንጉሥ ምኒልክ ዘመን ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በተባለ ቦታ የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ጣቢያ ተሰጥቶት ነበር። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣቢያውን የመሩት ራጋዚና ትራቬርሲ ሁለቱም ሐኪሞች ነበሩ። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕክምና ግን አንድ ሰው ከሳጥኑ አውጥቶ የሚሰጠው እርዳታ እንጂ ተቋም አልነበረም።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ክፉ ቀን መጣ። የከብት እልቂት በሬውን ፈጀ፤ እርሻ ቆመ፤ ረሃብ ገባ። የተራበው ሕዝብ ወደ ከተማና ወደ መኳንንት ደጅ ሲጎርፍ ፈንጣጣ፣ ኮሌራና ተስቦ ተከተሉት። ለዘመናት የሚደጋገም ነገር እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ ረሃብ ሰውን ያሰባስባል፣ መሰባሰብ ንጽሕናን ያጠፋል፣ ንጽሕና ሲጠፋ በሽታ ይሰፋል።

ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኛ አከሙ፤ በአዲስ አበባም ሆስፒታል ከፈቱ። በስፍራው በ1900ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተመሠረተ። በኅዳር 1911 ዓ.ም የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ሲገባ ግን ከተማዋ የነበሯት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በከተማዋ ብቻ 10,000 ገደማ ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ዳኑ። በሽታው በሳልና በትንፋሽ የሚተላለፍ ስለነበር የሚያስታምመውን ከታማሚው ጋር ይዞት ሄደ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አሰባስቦ የማቃጠል ልማድ፣ ኅዳር ሲታጠን፣ የዚያ መከራ መታሰቢያ ነው። ጭሱ ኢንፍሉዌንዛን አያስቆምም፤ ቀኑ ግን ሕዝባችን በሽታንና ንጽሕናን ማያያዙን ይመሰክራል።

መንገድ፣ ወባና መርፌ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በቆየው የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ጣርማ በር ላይ ተራራው ተበስቶ የመኪና መንገድ ወደ ይፋት ወረደ። ቀድሞ ደገኛው በፍርሃት የሚያልፈው ቆላ የጭነት መኪና ማደሪያ፣ የእርሻና የንግድ ሰፈር ሆነ። በመንገዱ ዳር ከተሞች አደጉ። ደገኛው ለእርሻና ለቀን ሥራ ወረደ፤ ወባን ያልለመደ ደሙንም ይዞ ወረደ።

በ1950 ዓ.ም ማብቂያና በ1951 ዓ.ም መጀመሪያ ወባ ራሷ ወደ ደጋው ወጣች። ዝናቡ የበዛበት፣ ሙቀቱ ከወትሮው የጨመረበት ዓመት ነበር። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያላቸው ቦታዎች፣ በሽታውን የማያውቀው ሕዝብ የሰፈረባቸው፣ ተወረሩ። በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ገደማ ሞተ። መንግሥት በ1951 ዓ.ም የወባ ማጥፊያ ድርጅትን አቋቋመ። ዲዲቲ የተሸከሙ ረጪዎች በየመንደሩ ገቡ፤ ደም መርማሪዎችም ጣት እየወጉ በመስታወት ላይ ደም መውሰድ ጀመሩ።

ያ ዘመን የመርፌ ዘመንም ነው። ፔኒሲሊን ከሞት አፋፍ ሰው ሲመልስ ያየ ሕዝብ መርፌ ያልተወጋ እንደታከመ አይቆጥርም ነበር። በየገጠሩ ክሊኒክ አንድ ድሬሰር፣ ጥቂት የብርጭቆ ስሪንጆችና አንድ የመቀቀያ ድስት ነበሩት። ሕጉ መርፌው ከአንድ ሰው ወደ ሌላው ሲሄድ ታጥቦ በፈላ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ እንዲቀቀል ነው። ማገዶ ሲያጥር፣ ውሃ ከሩቅ ሲቀዳ፣ ሰልፉ ከበር አልፎ ሲወጣ ግን ድስቱ ሳይፈላ ይወርዳል። ከክሊኒኩ ውጭ ደግሞ ያለ ፈቃድ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚወጉ መርፌ ወጊዎች ነበሩ። የወፍ በሽታ የምንለውን የጉበት ብግነት የሚያመጣው ቫይረስ ዓይን በማያየው የደም ቅሪት ከክንድ ወደ ክንድ ይሻገራል። የተወጋው ሰው የሚታመመው ከወራት በኋላ ስለሆነ ማንም መርፌውን አይከስም።

እ.ኤ.አ. በ1976 በዛየር፣ ዛሬ ዲሞክራቲክ ኮንጎ በምትባለው አገር፣ ያምቡኩ በተባለ የሚስዮን ሆስፒታል የሆነው ይህን ስውር ነገር በአደባባይ አወጣው። በሆስፒታሉ ተመላላሽ ክፍል ጠዋት አምስት ስሪንጅ ይሰጣል፤ ቀኑን ሙሉ በአምስቱ በመቶ የሚቆጠር ሰው ይወጋል። ኢቦላ በዚያ መርፌ ተዛምቶ፣ ከታማሚ ጋር በመነካካትም ተስፋፍቶ 318 ሰው ያዘ፤ 280ው ሞቱ። ከ17 የሆስፒታሉ ሠራተኞች 11 ሞቱና ሆስፒታሉ ተዘጋ። ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ኢቦላ የሰማው ሕክምና ቤት ራሱ በሽታውን ሲያከፋፍል ነው።

በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ የተቃራኒውን ምሳሌ አሳየች። በ1963 ዓ.ም የተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ጫፉ ሁለት ጥርስ ያለው መርፌ ይዞ አገሩን በእግርና በበቅሎ አዳረሰ። መርፌው ተቀቅሎ ደግሞ ይሠራበታል፤ ሥርዓቱ ግን ጥብቅ ነበር። ታማሚ ሲገኝ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ይከተባል። በነሐሴ 1968 ዓ.ም የመጨረሻው የኢትዮጵያ የፈንጣጣ ታማሚ ተመዘገበ። በተፈጥሮ መንገድ በሽታው የያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው በ1970 ዓ.ም መግቢያ በሶማሊያ መርካ ከተማ ተገኘ፤ እርሱም የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር። በሽታው የተጋባበት ሁለት ታማሚዎችን ወደ መለያ ሰፈር ለማድረስ በተሳፈረበት መኪና ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አብሯቸው በመቀመጡ ነው። የጤና ተቋም ጥንቃቄ ሐኪሙንና ነርሷን ብቻ ሳይሆን ምግብ አብሳዩን፣ ሾፌሩን፣ ዘበኛውንና ጽዳት ሠራተኛዋን ማካተት እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ቅማል፣ ረሃብና ሰፈር

በ1977 ዓ.ም ረሃቡ ወሎንና ሰሜን ሸዋን ሲመታ በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ በአንጾኪያ ሸለቆ ወርልድ ቪዥን የእርዳታ ሰፈር ከፈተ። በባቲና በኮረምም ሰፈሮች ነበሩ። ሰው ከደጋውም ከቆላውም ተጠርቶ ሳይሆን ተርቦ መጣ። በብርድ ሌሊት አንድ ብርድ ልብስ ለብዙ ሰው ነበር፤ ልብስ የሚታጠብበት ውሃና የሚቀየር ልብስ የለም። ስለዚህ በሰፈሮቹ ከረሃብ ቀጥሎ የገደሉት ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ ተስቦና ግርሻ ነበሩ።

ግርሻ የገላ ቅማል በሽታ ነው። ጀርሙ የሚገባው ቅማሏ ስትነክስ አይደለም፤ ሰው ሲያክ ቅማሏ ትፈርጥና ከውስጧ የወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል። ቅማል በጥፍሩ የሚገድል አስታማሚም በዚሁ ይያዛል። ለታማሚው አንድ ጊዜ የሚሰጥ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ይበቃዋል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ከገባ ከሰዓታት በኋላ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ይመጣል፤ አንዳንዱም በዚያ ይሞታል። አዲስ አበባ ውስጥ በኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ለዓለም ሕክምና አስተምረዋል። በሕክምና ክፍሉ ውስጥ ግን ወሳኙ ሥራ የሚጀምረው ከመድኃኒቱ በፊት ነው፦ ታማሚው በር ላይ ልብሱን ያወልቃል፣ ገላውን ይታጠባል፣ ልብሱ ይቀቀላል። ያ ሳይሆን አልጋ ላይ የወጣ ታማሚ በሽታውን ለክፍሉ ሁሉ ያጋባል።

በ1983 ዓ.ም ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን ግርሻ እንደገና ተነሣ። የተዳከሙ ወታደሮች በየመጠለያው ታጉረው ወረርሽኙ ብዙዎቹን ፈጀ። ወደ መሐል አገር የሚመለሰው ወታደር ያለፈበት አንዱ መንገድ ይኸው የደሴ መንገድ ነው። ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት ቦታ ሁሉ፣ በመጠለያም በእስር ቤትም፣ ስጋቱ አንድ ነው። ሸዋ ሮቢት ትልቅ ማረሚያ ቤት ያለባት ከተማ እንደመሆኗ ይህ ለእርሷ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሽተኛ ሳል የሚስልበት ክፍል መስኮቱ ከተዘጋ የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። መስኮት መክፈት ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው።

ደም ሁሉ እኩል የተፈራበት ዘመን

በ1970ዎቹ ዓ.ም ሌላ በሽታ ገባ። በ1976 ዓ.ም ገደማ የተወሰደ ደም በኋላ ሲመረመር ኤችአይቪ ተገኘበት፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች በ1978 ዓ.ም ታወቁ። የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ ከተሞች፣ ሾፌር የሚያድርባቸው፣ ወታደር የሚያልፍባቸው፣ ብዙ ልጆቻቸውን ቀበሩ።

ኤችአይቪ በጤና ተቋም ውስጥ አንድ ትልቅ ለውጥ አስገደደ። ቀድሞ ባለሙያው የታመመ የሚመስለውን ለይቶ ይጠነቀቅ ነበር። አሁን ግን ጤነኛ የሚመስል ሰው ደሙ ውስጥ ሞት ሊኖር እንደሚችል ታወቀ። ስለዚህ ደንቡ ተለወጠ፦ የማንም ሰው ደም፣ የማንም ሰው ፈሳሽ፣ በሽታ እንዳለበት ተቆጥሮ ይያዝ። ጓንት ለሁሉም፣ አዲስ መርፌ ለእያንዳንዱ። ይህ ደንብ ታማሚውን ከመገለልም አዳነ፤ ለሁሉም እኩል የሚደረግ ጥንቃቄ ማንንም አያሳፍርምና። አንዴ ተሠርቶበት የሚጣል፣ በክትባት ላይ ደግሞ ዳግም እንዳይሞላ ራሱን የሚቆልፍ ስሪንጅ መጣ፤ የመቀቀያው ድስትም ቀስ በቀስ ከየክሊኒኩ ጠፋ።

በ1997 ዓ.ም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለጤና ተቋማት የኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያ አወጣ። በዚያ መመሪያ መንፈስ በአንድ ጤና ጣቢያ የሚሠራው እንዲህ ነበር። ያገለገለ መቀስና መቆንጠጫ በመጀመሪያ በበረኪና ውሃ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፍ ነበር። 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ይደባለቃል፤ 0.5 በመቶ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከዚያ በሳሙናና በብሩሽ ይታጠባል፤ ደም የደረቀበት ዕቃ በእንፋሎት ቢገባም አይጸዳምና። ቀጥሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ አውቶክሌቭ በተባለው የእንፋሎት ማምከኛ ውስጥ በ121 ዲግሪ ሙቀት 30 ደቂቃ ይቆያል። መርፌ ክዳኑ ሳይመለስ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይጣላል፤ ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል። ደም የነካው ጥጥና ተራው ቆሻሻ በተለያየ ባልዲ ይገባል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እጅ ይታጠባል፦ ታማሚን ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ ደምና ፈሳሽ ከተነካ በኋላ፣ ታማሚን ከነኩ በኋላ፣ አልጋውንና ዙሪያውን ከነኩ በኋላ። በ2007 ዓ.ም ገደማ ደግሞ ሚኒስቴሩ የጤና ተቋማትን ንጹሕና ለታካሚ ምቹ የማድረግ ንቅናቄ በመላ አገሪቱ ጀመረ።

መመሪያው ጥሩ ነበር። ሥራው ምን ያህል እንደቀረ ግን ጥናት አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ፣ በአማራ ክልል በሁለት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት፣ ከተኙት ታካሚዎች 14.9 በመቶ የሚሆኑት ከሆስፒታሉ የተጋባ ኢንፌክሽን ነበራቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከ100 ተኝቶ ታካሚዎች 15ቱ፣ በበለጸጉት አገሮች ደግሞ 7ቱ እንዲህ እንደሚያዙ ይገልጻል፤ ከተያዙት ከ10 አንዱ ይሞታል። ከእነዚህ ኢንፌክሽኖች መካከል የቀዶ ሕክምና ቁስል ማመርቀዝና ወደ ደም የገባ ጀርም ይገኙበታል። ለእነዚህ ጀርሞች ብዙ ጊዜ የተለመደው መድኃኒት አይሠራም፤ በሆስፒታል ውስጥ ከመድኃኒት ጋር ሲታገሉ የኖሩ ናቸውና።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ልዩ ነገር መርሳት አይገባም። በየአልጋው ዙሪያ አስታማሚ አለ። ምግብ በፔርሙዝና በሳህን የሚያመጣው፣ ታማሚውን የሚያጥበው፣ አንሶላ የሚቀይረው፣ ማታ ከአልጋው ሥር ጋቢ አንጥፎ የሚተኛው እርሱ ነው። ነርሷ በፈረቃ ትለዋወጣለች፤ አስታማሚው አይለወጥም። ግን እጅ መታጠብን ማንም አያስተምረውም፤ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲያግዝ የሚያስተላልፈውን አያውቅም። ጠያቂም እንዲሁ በፍቅር መጥቶ በሽተኛን ይስማል። የመጠየቅ ባህላችን ሀብታችን ነው፤ ከውሃና ከሳሙና ጋር ከተጣመረ ደግሞ የትኛውም ሆስፒታል የሌለው ጉልበት ይሆነናል።

ከኮሮና እስከ ጦርነት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ። ለጥቂት ወራት በመንገድ ዳር ከተሞች ሁሉ፣ በየሱቁና በየመናኸሪያው በር ላይ፣ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲና ሳሙና ቆመ። ከዚህ ቀደም መመሪያ ያልቻለውን ፍርሃት አደረገው። በጤና ተቋማትም ሳል ያለው ታካሚ በር ላይ መለየትና ማስክ ማድረግ የተለመደ ሥራ ሆነ። በቆላ ሙቀት ጓንት፣ ማስክና ጋውን ለብሶ መዋል ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የሠራበት ነው። ወረርሽኙ ሲበርድ ግን ባልዲዎቹ ደረቁ።

ከዚያ የሰው እጅ ያመጣው መከራ ተከተለ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም አጣዬ ከተማ በእሳት ጋየች። በኅዳር 2014 ዓ.ም ከሰሜን የመጣው ጦርነት ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ። በአማራ ክልል በጦርነቱ ብዙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ተሰባበሩ። ሰው የሚቆጥረው ሕንፃውን ነው። ለበሽታ መከላከል ግን የሚያሳምመው የአውቶክሌቩ፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር፣ የክትባት ማቀዝቀዣውና የጄኔሬተሩ መጥፋት ነው። ሕንፃው ቆሞ እነዚህ ከሌሉ ጤና ጣቢያው ታማሚ የሚሰበሰብበት ቤት እንጂ ታማሚ የሚድንበት አይሆንም። በደብረ ብርሃን መጠለያዎች የተሰበሰበው ተፈናቃይም የ1977ቱን ጥያቄ እንደገና አነሣ፦ ውሃ የት አለ? መጸዳጃ የት አለ?

ወባም ተመለሰች። ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቦ 1,157 ሰው ሞቷል። በዚህ ላይ ከእስያ የመጣች አዲስ የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞችና በባቲ ተገኝታለች። ከለመድናት ትንኝ በተለየ ይህች በከተማ በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች። ውሃ ስለሚቋረጥ በርሜል የሚሞላ ጤና ጣቢያ ክዳኑን ካልገጠመ በግቢው ውስጥ ወባ ያረባል ማለት ነው።

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም የማርበርግ ቫይረስ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ መገኘቱ ተረጋገጠ። የኢቦላ ዘመድ የሆነ፣ በደምና በፈሳሽ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ከተጠቁት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ያምቡኩ ላይ የሆነው ከ49 ዓመት በኋላ የእኛንም አገር ደጅ አንኳኳ። የመጀመሪያው ታማሚ በር ላይ ሲደርስ የበሽታውን ስም ማንም አያውቀውም፤ ወባ ወይም ተስቦ ይመስላል። በዚያች ሰዓት ባለሙያውን የሚያድነው የላቦራቶሪ ውጤት ሳይሆን ለማንም ታካሚ የሚያደርገው የዘወትር ጥንቃቄ ነው።

የዚህ ሁሉ ዘመን ፍርድ አንድ ነው። ይፋትን ያጠቁት በሽታዎች ስማቸው ተለዋውጧል፤ በጤና ተቋም ውስጥ የሚያስቆማቸው ነገር ግን ከ1847 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተለወጠም። የሚፈስ ውሃ፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ አዲስ መርፌ፣ የተከፈተ መስኮት፣ የተለየ ክፍል፣ ሥራውን የሚያውቅና የሚከበር ጽዳት ሠራተኛ። ከእነዚህ አንዱም ከአገራችን አቅም በላይ አይደለም። የጎደለው በጀት ሲመደብ ውሃን ከመድኃኒት እኩል መቁጠር ነው።

ስለዚህ የወረዳ አስተዳዳሪ የሆንክ አንባቢ፣ አዲስ ሕንፃ ከመመረቅህ በፊት የነባሩ ጤና ጣቢያ ቧንቧ ውሃ እንዳለው ጠይቅ። ባለሙያ የሆንሽ፣ ሰልፉ ቢረዝምም በሁለት ታካሚ መካከል እጅሽን ታጠቢ። ታካሚና አስታማሚ የሆናችሁ፣ መርፌው ከማሸጊያው ፊታችሁ እንዲወጣ ጠይቁ፤ ወደ ዘመዳችሁ አልጋ ስትቀርቡም ስትለዩም እጃችሁን ታጠቡ። ይህን መጠየቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም፤ የራስንም የእርሱንም ሕይወት መጠበቅ ነው።